ሐሞቴን ያወጡ ዕለት

አገራችን ሰውን የሚያውቀው በሆድ ዕቃው ነው። ታጋሹን ሆደ ሰፊ እንለዋለን፤ በትንሽ በትልቁ ዓይኑ እንባ የሚያቀርረውን ሆደ ባሻ። ያሳዘነን ሰው አንጀታችንን በላው፤ ያስደሰተን አንጀታችንን አራሰው፤ ያስቀየመን ሰው ሲዋረድ ያየን ዕለት ደግሞ፣ እግዜር ይቅር ይበለንና፣ ልባችን ቅቤ ይጠጣል። እስቲ ከሌላ አገር የመጣ ሐኪም ይህን ሁሉ እየሰማ በደብተሩ ሲጽፍ አስቡት። አንዱ አንጀቱ ተበልቶ፣ ሌላው ልቡ ቅቤ ጠጥቶ፣ ሦስተኛው ሆዱ ባሽቶ፤ ከመካከላችን አንድ ጤነኛ ሰው የሚያገኝ ይመስላችኋል?

ከዚህ ሁሉ የሆድ ዕቃ መካከል ግን እንደ ሐሞት የተከበረ የለም። በግ ሲታረድ አይታችሁ ከሆነ ታውቁታላችሁ። ጉበቱ ሥር ተሸጉጦ፣ አረንጓዴ ሆኖ፣ በትንሽ ከረጢት ተቋጥሮ ይቀመጣል። ቢላዋ ነካ ካደረገው ያ ሁሉ ሥጋ መራራ ሆነ ማለት ነው። ስለዚህ አራጁ ወሬውን ያቋርጣል፤ ትንፋሹን ይውጣል፤ በሁለት ጣቱ ቆንጥሮ ያወጣውና ከአጥሩ ወዲያ ይወረውረዋል። እንግዲህ ይህን ውሻ እንኳ አሽትቶ የሚያልፈውን ነገር ነው ለጀግና ማዕረግ ያደረግነው። የማይበገረውን ሐሞተ ኮስታራ እንለዋለን፤ የፈራውን ሐሞቱ ፈሰሰ እንለዋለን። ለምን እንደሆነ እኔን አትጠይቁኝ። እኔ ስወለድ ተብሎ ያለቀ ነገር ነው።

እኔ አትጠገብ ሐሞተ ኮስታራ ነኝ። ራሴ አይደለሁም ያልሁት፤ ቢቸና ነው ያለው። የከብት ገበያው ውስጥ አንድ ደላላ የበሬዬን ከንፈር ገልጦ፣ ጥርሱን ቆጥሮ፣ በዓይኔ እያየሁ በዕድሜው ላይ ሦስት ዓመት ሲጨምርበት፣ አገጩን ጨብጬ «ና እስቲ ያንተንም እኔ ልቁጠርልህ» ያልሁት እኔ ነኝ። አፉን ከፍቶ እንደ ቆመ ገበያው ሁሉ ሳቀበት፤ ሁለቱ እንደ ጎደሉም ጮክ ብዬ ተናገርሁ። ከዚያ ወዲህ በሬዬን በሩቅ ነው የሚያየው። ዕድር ላይም ቢሆን የሊቀ መንበሩ ንግግር ሲረዝም ሰዉ ዘወር ብሎ የሚያየው እኔን ነው፤ መቼ ታስቆመዋለች ብሎ።

ይህ ሐሞት ግን አንዲት እህት አሳጥቶኛል።

ታናሼ ያልጋነሽ ሞጣ ነው የተዳረችው። የእናታችን ተዝካር የወጣ ጊዜ፣ አሁን ዘጠኝ ዓመት ሊሆነው ነው፣ ሞጣ ጠምቃ፣ በጀሪካን ሞልታ፣ መኪና ላይ አስጭና፣ በዚያ በሚያንገጫግጭ መንገድ ቀኑን ሙሉ ይዛ ቢቸና ድረስ ጠላ አመጣች። እኔ ደግሞ ታላቅ ነኝና መቅመስ የእኔ ነው። ካህናቱ ተደርድረው ተቀምጠዋል። አንድ ጊዜ ተጎነጨሁና፣ «ያልጋነሽ፣ ይህን ያመጣሽው ለእናታችን ነፍስ ነው ወይስ ለአህያ ቁስል ማጠቢያ?» አልሁ። ቤቱ በሳቅ ተሞላ። ያልጋነሽ ብቻ አልሳቀችም። ባዶ ጀሪካኖቿን እንኳ ሳትወስድ ወጣች። ካህናቱ ግን አንድ ጣሳ ሳያስቀሩ ጠጥተውታል፤ ይህን ለእናንተ ብቻ ነው የነገርኋችሁ። ከዚያ ወዲህ እኔ እሷ ትምጣ እላለሁ፤ እሷም እዚያ ሆና እሷ ትምጣ ትላለች። «ይቅር በይኝ» የምትባለዋን ቃል ደግሞ አፌ አልለመዳትም። ለመናገር ሳስባት ገና ጉሮሮዬ ላይ ትወተፋለች።

ነገሬ የጀመረው ዘንድሮ ፋሲካ ላይ ነው። አምሳ አምስቱን ቀን ሽሮ ነው፣ ምስር ነው፣ ጎመን ነው፤ እንዲያውም በጾሙ ሰውነቴ ቀሎኝ እንደ ኮረዳ ሽር ብትን ስል ነበር። ለፋሲካ ልጄ ውዴ ዶሮ ሠራች። ውዴ ቢቸና አስተማሪ ናት፤ ከእኔ ጋር ነው የምትኖር። ወጡ ላይ ቅቤው ተንሳፍፏል፤ እንቁላሉ ቀልቷል። አባቴ አትጠገብ ያሉኝ ብትታይ ብትታይ አትሰለችም ሲሉ ነበር፤ የዚያን ዕለት ግን ሰሃኑ አንዲት ፊደል ለወጠና አትጠግብ አደረገኝ።

ፀሐይዋ ገና ዘቅዘቅ ሳትል ከቀኝ ጎድኔ ሥር አንድ ነገር ጨበጠኝ። ቢጨብጠኝማ ምን ነበረበት፤ ጨብጦ ጠመዘዘኝ እንጂ። ሁለት ሴቶች የራሰ ጋቢ ግራና ቀኝ ይዘው ሲጠመዝዙ አይታችኋል? እንደዚያ። ከዚያ ወደ ጀርባዬ ዞረና ቀኝ ትከሻዬ ላይ ወጥቶ ተቀመጠ። ብቀመጥ አይለቀኝ፣ ብተኛ አይለቀኝ፣ ብንበረከክ አይለቀኝ። ላብ አጠመቀኝ፤ ያን ሁሉ ዶሮ መለስሁት። አምስት ልጅ ወልጃለሁ። ምጥ እንኳ ፋታ ይሰጣል፤ ይህ ግን መጥቶ አልሄድም አለ። ሰዓታት ቆይቶ ደግሞ፣ ማንም ሂድ ሳይለው፣ ራሱ ተነሥቶ ሄደ።

እናንተ ብትሆኑ ሐኪም ቤት ትሄዱ ነበር። የእኔ ሐኪም ግን እኔው ነኝ። ጨጓራ ነው አልሁና ፌጦ ጠጣሁ። ምች ነው አልሁና ዳማከሴ ታሸሁ። ቀጥሎ የጎረቤቴ የብርቄ ዓይን ነው ልል ስዘጋጅ ብርቄ ራሷ ልትጠይቀኝ መጣች። ሆዴን በመዳፏ ዳበስ ዳበስ አደረገችና፣ «እቴ፣ ይኼ አንጀትሽ ደርቆ ነው፤ ሁለት ወር ሙሉ ቅባት ያላየ አንጀት ምን ያድርግ? ቅቤ አንጥሪና በባዶ ሆድሽ ጠጪበት፤ ያለሰልስልሻል» አለችኝ።

ነገሩ አሳመነኝ። የደረቀ ቆዳ በቅቤ ታሽቶ ይለሰልስ የለም እንዴ? አንጀትስ ቢሆን ያው ቆዳ አይደል? በማግስቱ ጠዋት አነጠርሁ። በስኒ አላልሁም፤ እኔ ግማሽ ነገር አልወድም፤ በጣሳ ነው። ዓይኔን ጨፍኜ ግጥም አደረግሁት። ቅቤው ወርዶ ቦታ እስኪይዝ ድረስ ለብርቄ ምርቃት ሳወርድላት ነበር። ከዚያ በኋላ የሆነውን ለጠላቴም አልመኝ። ለብርቄ ግን ትንሽ ተመኝቼላት ነበር።

ይህኛው ሕመም አልሄደም። አደረ፤ ትኩሳት ጨመረበት፤ ብርድ ብርድ አሰኘኝ። ውዴ አላማከረችኝም። መንገዱ ክፍት ነው በተባለበት ጠዋት ሚኒባስ ላይ አሳፈረችኝና ወደ ሞጣ ይዛኝ ሄደች። በየጉድጓዱ ያ ትከሻዬ ላይ የተቀመጠው ነገር እየተነሣ ይቀመጣል። ግንደወይንን ስናልፍ ደግሞ የሞጣ ስም ብቻውን ያመኝ ጀመር።

«ሌላ ቦታ ሐኪም የለም?» አልኋት።

«እማዬ፣ የምንሄደው ወደ ሐኪም ነው፤ ወደ አክስቴ አይደለም» አለችኝ። ስትዋሽ አፍንጫዋን ታሻለች። አሸችው።

ሆስፒታሉ ውስጥ ያየችኝ ሐኪም ዶክተር ሐያት ትባላለች። ጅማ ተወልዳ እኛ አገር የተመደበች፣ ቀጠን ያለች፣ ሻሿን ጠበቅ አድርጋ ያሰረች ልጅ ናት። «እማማ፣ በጀርባዎ ይተኙ» አለችኝና ጣቶቿን ከጎድኔ ሥር ሰደደች። «አሁን በደንብ ትንፋሽ ይሳቡ።» ሳብሁ። ትንፋሼ ጣቷ ያለበት ቦታ ሲደርስ፣ ገደል ያየች በቅሎ ይመስል ቀጥ አለ። ሌላ ሰው ቢሆን በጥፊ እለው ነበር። እሷ ግን የጠፋ መርፌ ያገኘች ሴት ፊት አሳየችና አልትራሳውንድ አዘዘች።

አልትራሳውንዱ ክፍል ደጃፍ ያለው አግዳሚ ላይ የተቀመጡት ሁሉ ነፍሰ ጡሮች ናቸው። ሽበቴን ይዤ ከመካከላቸው ተሰየምሁ። ሆዷ ጉልበቷ ላይ የደረሰ አንዲት ወጣት ገልመጥ አደረገችኝና፣ «እማማ፣ እርስዎስ ስንት ወርዎ ነው?» አለችኝ።

«የእኔስ ቀኑ አልፏል፤ ለራስሽ እወቂ» አልኋት። አግዳሚው በሳቅ ተናወጠ። እኔም ልስቅ ስል ጎድኔ ከለከለኝ።

ዶክተር ሐያት ሆዴ ላይ ቀዝቃዛ ቅባት አፍስሳ፣ መሣሪያዋን እያንሸራተተች፣ የክረምት ጭጋግ የመሰለ ነገር በማሽኑ መስኮት አሳየችኝ። «ይቺ ጥቁሯ የሐሞት ከረጢትዎ ናት። ውስጧ የሚያበሩት ደግሞ ጠጠሮች ናቸው።»

«ስንት ናቸው?»

«ብዙ ናቸው፣ እማማ።»

«ወንዶች ናቸው ሴቶች?»

ሳቋን ጨርሳ አስቀመጠችኝና አስረዳችኝ። ማስረዳትስ ታውቅበታለች፤ እንደ አንዳንዶቹ ለግድግዳው አትናገርም። ጉበት ዕረፍት የለውም አለችኝ፤ ጾም ይሁን ፍስክ ሳይል ሐሞት ይሠራል። የሠራው ግን ሁሉ ወዲያው አይፈስም። ከሥሩ ባለችው ከረጢት ገብቶ ይጠራቀማል፤ እዚያም ውኃው እየተመጠጠ ይወፍራል። ቅባት ያለው ምግብ የመጣ እንደ ሆነ አንጀት ወደ ከረጢቷ ይልክባታል፤ እሷም ኩምትር ትልና ሐሞቱን በቀጭን ቧንቧ ጨምቃ ትለቀዋለች። ሐሞቱ ቅባቱን፣ ሳሙና የሰሃን ቅባት እንደሚበትነው፣ ይበታትነዋል። አንዳንዱ ከረጢት ውስጥ ግን ሐሞቱ ይረጋል፤ ይጓጉላል፤ ውሎ አድሮ ይጠጥራል። እኔም በራሴ መንገድ ገባኝ፤ ጋን ውስጥ የከረመ ጠላ አተላው ከሥር ይዘቅጥ የለም? አተላው ድንጋይ ሆነ በሉት።

«ከረጢቷ ስትጨምቅ ጠጠሩ በሯ ላይ ሄዶ ይወተፋል» አለችኝ። «እሷ ትገፋለች፤ በሩ አይከፈትም። እርስዎን የሚጠመዝዝዎት ይኼ ነው።»

«በጾሙ ለምን አላመመኝም ታዲያ?»

«ቅባት ስላልመጣባት ተኝታ ነበር።»

«ፋሲካ ዕለትስ?»

«ቀሰቀሷት።»

«ጾሙ ነው እንግዲህ ጥፋተኛው?»

«ብዙ ምክንያት አለው፣ እማማ። ዕድሜም አለ፣ ሴትነትም፣ ልጅ መውለድም። ረጅም ጊዜ ያለ ቅባት መቆየትም ትንሽ ድርሻ ይኖረው ይሆናል። ግን በጾም ላይ ምን አፍ አለኝ፤ እኔም ጿሚ ነኝ።»

ወደድኋት። ስለ ወደድኋትም ስለ ቅቤው ነገርኋት። «የምን ቅቤ?» ብላ እስክሪብቶዋን አስቀመጠች። በጣሳ መሆኑን ስነግራት ፊቷን ወደ መስኮቱ አዞረች፤ ትከሻዋ ሲርገፈገፍ ግን አይቻለሁ።

እስከዚህ ድረስ ሁሉም ደህና ነበር። ከዚያ በኋላ ያቺን ቃል ባትናገር።

«በሉ እንግዲህ፣ ከረጢቷ ተቆጥታለች፤ ለሁለት ቀን በመድኃኒት ትኩሳትዎን እናውርድና ከነገ ወዲያ ሐሞትዎን እናወጣዋለን።»

«ምኔን?»

«ሐሞትዎን።»

ቸኩላ ነው። የሐሞት ከረጢት ማለት ነበረባት። ጅማ ውስጥ ሐሞት መራራ ውኃ ብቻ ይሆን ይሆናል። እኛ አገር እነማይ ውስጥ ግን «ሐሞትሽን አወጣዋለሁ» ብሎ የተናገረ ሰው፣ በትሩን ይዞ ነው የሚናገር። እኔን አስቡኝ እንግዲህ። ያ ደላላ፣ ያ የዕድር ሊቀ መንበር፣ ብርቄም ጭምር፣ አትጠገብ ሞጣ ሄዳ ሐሞቷን አስወጥታ መጣች ሲባሉ ታዩኝ።

«ያለሱ ሰው ይኖራል?» አልኋት።

«በደንብ አድርጎ ይኖራል።»

«መኖሩንማ አውቃለሁ፤ ስብሰባ በተጠራ ቁጥር ከፊት ወንበር ተቀምጠው አያቸዋለሁ። እኔ ግን እንደነሱ አልኖርም!» አልሁና ነጠላዬን ተከናነብሁ።

ከነጠላው ውጪ ብዙ ተናገረች። ጠጠሩ ወርዶ ዋናውን ቧንቧ ከዘጋ ዓይኔ ቢጫ እንደሚሆን ሰማሁ። ከረጢቷ ከፈነዳች ለሞት እንደምታደርስ ሰማሁ። የቀረውን አልሰማሁም፤ መስማት አልፈለግሁማ። «ብሞትም ከነሐሞቴ ነው» አልሁ፤ ሲናገሩት ደስ የሚል ነገር ነው፤ ሞክሩት።

ሁለት ቀን እንዲህ ሆንሁ። ክንዴ ላይ ግሉኮስ፣ ራስጌዬ ላይ ያልተፈረመበት የስምምነት ወረቀት። አጠገቤ ያለችው ሴት ሆዷ በቅርብ የተሰፋ ነበረችና፣ «እሜቴ፣ ይፈርሙ፤ ተኝተው ነው እኮ የሚያልፈው» ትለኛለች። ውዴ መጀመሪያ ለመነችኝ፤ ቀጥላ ተቆጣችኝ፤ መጨረሻ ዝም ብላ አለቀሰች። በነጠላዬ ጫፍ እንባዋን ጠረግሁላት፤ ግን አልፈረምሁም። በሦስተኛው ቀን ጠዋት ስልኳን ይዛ ወጣችና ስትመለስ ዓይኔን ማየት አቃታት። አፍንጫዋንም አሸች።

ብዙም አልቆየ፣ ያልጋነሽ በሩ ላይ ቆመች።

ዘጠኝ ዓመት ነው። ጠጉሯ ሸብቷል። ማን ሸብቺ አላት? ሳላያት መሸበቷ አናደደኝ። እንደምን ነሽ አላለችኝም። እስከ አልጋዬ ግርጌ ቀጥ ብላ መጣችና፣ «አትጠገብ» አለችኝ። አፍ ከፈታችበት ቀን ጀምሮ እቴ ነበር የምትለኝ።

«ምን ልታዪ መጣሽ?» አልኋት።

«ሐሞት። ሲወጣ ልይ ብዬ።»

«አይወጣም።»

«ከየት ይወጣል፣ ከሌለበት!»

በየአልጋው ያለው በሽተኛ ሁሉ ማቃሰቱን አቆመ። ወሬ ከመድኃኒት ይበልጣል።

«አንቺ ያልጋነሽ፣ አፍሽን ጠብቂ።»

«ለምን እጠብቃለሁ? ክትባት የሚወጉት ሰዎች መንደራችን የመጡ ዕለት ጤፍ ጎተራ ውስጥ የገባችው ማን ነበረች? ጤፉ በአፍንጫዋ ገብቶባት ስታነጥስ የተያዘችውስ? እኔ ያኔ የስድስት ዓመት ልጅ ነበርሁ፤ ክንዴን ሰጥቼ ቆምሁ።»

«እኔ ጎተራ የገባሁት ዶሮ ፍለጋ ነው!»

«ዶሮዋስ ተገኘች?»

ክፍሉ ፈነዳ። የተሰፋችው ሴት ሆዷን በሁለት እጇ ይዛ፣ «ስለ ማርያም አታስቁኝ፣ ስፌቴ ተፈታ!» ትላለች። ያልጋነሽ ግን ፈገግም አላለች። ወደ ውዴ ዞራ፣ «ለዚያች ለሐኪሟ ንገሪያት፤ በከንቱ አትልፋ። ሆዷን ብትቀደውም የምታገኘው የለም። ይህቺ ቢላዋ ፈርታ ነው ሐሞት ሐሞት የምትል» አለቻት።

አሁን ደግሞ እናንተ ወደ እኔ ጠጋ በሉ፤ ጮክ ብዬ አልናገረውም። እውነቷን ነበር። ሐሞቴ ይወሰድብኛል ብዬ አልነበረም የተከናነብሁት። ያ ሰበብ የመጀመሪያውን ቀን እንኳ አልተሻገረም፤ ከረጢትና ጀግንነት አንድ አለመሆናቸውን ለማወቅ ትምህርት ቤት መግባት አያሻም። የፈራሁት መቀደዱን ነው። ተኝቼ ባልነቃ ብዬ ነው። «ፈራሁ» ማለት ግን፣ ያቺ ሌላዋን ቃል እንዳልለመድኋት ሁሉ፣ አፌ አልለመደውም። ስለዚህ ሐሞት የምትለዋን ከፊት አቆምሁና ከኋላዋ ተሸጎጥሁ። ሁለት ቀን ሙሉ ሐሞት የለሽ ሆኜ ስለ ሐሞት ስከራከር ነበር ማለት ነው። ይህን ያወቀችው ከዚያ ሁሉ ሰው ያልጋነሽ ብቻ ናት። እህት መጥፎ ነገር ናት።

«አምጪው ወረቀቱን!» አልሁ።

የጣት ቀለም ይዘው መጡ። መለስሁት። በመሠረተ ትምህርት ጊዜ በቆጠርኋት ፊደል ስሜን ራሴ ጻፍሁ። «ጠ» ላይ ስደርስ እግሯ በዛብኝ፤ ቢሆንም ትነበባለች። ቀና ስል ያልጋነሽ የለችም። ኋላ ውዴ እንደ ነገረችኝ፣ ከሕንፃው ጀርባ ሄዳ፣ መሬት ላይ ቁጭ ብላ፣ ነጠላዋን አፏ ውስጥ ጠቅጥቃ ስታለቅስ ነው የተገኘችው።

ሲያስገቡኝ ዶክተር ሐያት ጭምብል አድርጋ ዓይኗ ብቻ ይታያል። ጎንበስ አለችና፣ «እማማ፣ የምናወጣው ማጠራቀሚያዋን ከረጢት ብቻ ነው። ሐሞቱን የሚሠራው ጉበትዎ አብሮዎት ይቀራል። ከእንግዲህ ሐሞትዎ ሳይጠራቀም በቀጥታ ጠብ ጠብ እያለ ይወርዳል፤ ያው ነው» አለችኝ።

«ይህን መጀመሪያ ብትነግሪኝ ምን ነበረበት!»

«ነግሬዎት ነበር። ነጠላዎን ተከናንበው ነበር።»

የሚያደነዝዘው ልጅ ከራስጌዬ፣ «እማማ፣ ይፈራሉ?» አለኝ። ዙሪያዬን አየሁ። ከቢቸና የመጣ ሰው የለም።

«እፈራለሁ» አልሁት።

እስክጨርሰውም አልጠበቀኝ፤ እንቅልፉ ወሰደኝ።

ስነቃ አፌ ደርቋል። ጎድኔ ሥር የቁስል ሕመም አለ፤ ያ ጠምዛዡ ግን የለም። አንድ ሰው እርጥብ ጥጥ ከንፈሬ ላይ ያደርግልኛል። እጇን አወቅሁት።

«እቴ» አለችኝ ያልጋነሽ።

ጥጡን መጠጥሁት። ዶክተር ሐያት የሰጠቻትን ብልቃጥ ዓይኔ ፊት ይዛ ነቀነቀችው፤ ተንኳኳ። ሽምብራ ሽምብራ የሚያካክሉ ጠጠሮች ናቸው። «የተዝካሩ ዕለት እኔ ላይ የወረወርሽው ከዚህ አንሥተሽ ኖሯል?» አለች። ከዚያ ብልቃጡን አስቀመጠችና ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «ለነገሩ አሁን ጨርሰነዋል። ሰምቼሻለሁ።»

«ምኑን ነው የሰማሽኝ?»

«ከማደንዘዣው ስትነቂ ያልሽውን። ስለ ጠላው ይቅር በይኝ አልሽኝ።»

«አላልሁም!»

«ሦስት ጊዜ ነው ያልሽው።»

ወደ ውዴ ዞርሁ። «ብያለሁ?» ውዴ ወደ ላይ አንጋጣ፣ «እማዬ፣ ግሉኮሱ ሊያልቅ ነው፤ ነርሷን ልጥራ» አለችና ወጣች። አፍንጫዋን እንዳላይ ፊቷን አዙራ ነው የወጣችው። የተሰፋችዋ ሴት፣ ሁለት ቀን ሙሉ የእኔን ወሬ ስትለቅም የሰነበተችው፣ በድንገት እንቅልፍ ወስዷታል። ዶክተር ሐያት ልታየኝ ስትመጣ እሷንም ጠየቅኋት። «ማደንዘዣ ሲለቅ ሰው ብዙ ይናገራል፣ እማማ። እኛ ምስጢር አናወጣም» ብላኝ የደም ግፊቴን ለካች።

እስከ ዛሬ አላወቅሁትም። ብዬው ከሆነ፣ ዘጠኝ ዓመት ጉሮሮዬ ላይ የተወተፈው ነገር ተኝቼ ሳለሁ ሾልኮብኛል ማለት ነው። ካላልሁትም፣ ያልጋነሽ የእኔን ይቅርታ በእኔ ፈንታ ራሷ ብላ፣ ራሷ ተቀብላ፣ መንገድ አበጅታልኛለች ማለት ነው። የትኛው እንደሚያሳፍረኝ መምረጥ አቃተኝ። አላልሁም ብዬ ልሟገት አፌን ከፈትሁ። ፊቷን አየሁት። ጥጡን ይዛ፣ እንደ ልጅነቷ ከንፈሯን ነክሳ፣ የምለውን ትጠብቃለች።

«እሺ፣ አልሁ እንበል» አልኋት። «አንቺስ ምን ብለሽ መለስሽልኝ?»

ጥጡን እንደገና ውኃ ነከረችው።

«ጠላውም ኮምጠጥ ሳይል አልቀረም አልሁሽ።»

ጥጡን ከእጇ ወሰድሁት። «አልኮመጠጠም ነበር» አልኋት። ይህችን ግን ነቅቼ ነው ያልኋት።